ከአንድ የሚጀምር ቆጠራ

እኛ ቤት ጥርጣሬ እንደ ጨው ነው፤ ከምንም ነገር አይቀርም። አባቴን በደርግ ጊዜ «ለም መሬት ታገኛለህ» ብለው ከወሎ አሶሳ ካመጡት ወዲህ፣ የሰው ቃል ሲሰማ ዓይኑን ያጠባል። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ማለት ይወዳል። እኔም፣ ጤናዬ፣ የእሱው ልጅ ነኝ።

ሌንጂሳ የባምባሲ ልጅ ነው። ለሴቶች በተከፈተ ማሰልጠኛ ድረ ገጽ መሥራት ያስተምረናል። ጠዋት ጠዋት በስልኬ «ጤናዬ፣ እንዴት አደርሽ? ዛሬ እንዳትቀሪ» ይለኛል። የወደድኩት በዚህች መልእክት ነው፤ ምን እዋሻለሁ። እሁድ ሽማግሌ ሊልክ ነው።

«አንች እሽ ሳትይ በሬን አልከፍትም» ብሎኛል አባቴ። «እስከ ቅዳሜ ንገሪኝ።»

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሌንጂሳ ሉፕ የሚባለውን የኮድ ድግግሞሽ አስተማረን።

«ሃያ ሰው ሰላም ለማለት ሃያ ጊዜ አልጽፍም» አለ። «አንዴ እጽፋለሁ፤ ኮምፒውተሩ ከዝርዝሩ ስም በስም እየወሰደ ይደጋግመዋል። ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል። ከአንድ ካስጀመራችሁት የመጀመሪያው ስም ይዘለላል።»

ሁሉም ይጽፋል። የእኔ እጅ ግን ቆመ። አንዴ ተጽፎ፣ ስም ብቻ እየተቀየረ?

«ስልክሽን አሳዪኝ» አልኳት አጠገቤ ያለችውን ቀነኒን።

«ቀነኒ፣ እንዴት አደርሽ? ዛሬ እንዳትቀሪ።» ከኋላችን የተቀመጠችው የኑሃም ያው ነው። ደሜ ፈላ። ከየትኛው ቁጥር እንደመጣ ማየት የት ትዝ ብሎኝ!

ሌሎቹ ሲወጡ ቀረሁ።

«ኮዱን አሳየኝ።»

«የቱን?»

«ሴቱን ሁሉ እንዴት አደርሽ የምትልበትን።»

ላፕቶፑን ወደ እኔ አዞረ። የሃያችንም ስም ተደርድሯል፤ ቀድሜ ስለተመዘገብኩ እኔ ከላይ ነኝ።

«ዋቃዮ፣ አምላኬ፣ ጤናዬ! ሰልጣኝ እየቀረ ስላስቸገረ ማሰልጠኛው በራሱ ቁጥር አስታውሳቸው ብሎኝ ነው።»

«የእኔን ቃል ለሁሉም?»

«ሌላ ቃል አልመጣልኝም። ካንቺው መልእክት ቀዳሁት።»

አላመንኩትም። መስመር በመስመር በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። ቆጠራው ላይ ስደርስ ጣቴ ቆመ። ከአንድ ይጀምራል።

«አስተማሪ ሆነህ ተሳሳትክ። ዜሮ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ፤ እኔን ይዘለኛል።»

«አልተሳሳትኩም» አለ አንገቱን ደፍቶ።

«ታዲያ ለእኔ ማነው የሚልከው?»

ዝርዝሩ ላይ ስሜን በጣቱ ነካ። «ያንቺን ራሴ ነኝ የምጽፈው። አንዳንድ ቀን ሦስቴ ጽፌ ሦስቴ አጠፋዋለሁ» አለኝ።

ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጨን። እንደ አዲስ ወደድኩት። ቢሆንም የአባቴ ልጅ ነኝና ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

«የሁሉንም መልእክት አሁን ላከው።»

ላከው። ግቢው ውስጥ የነቀነኒ ስልኮች ተከታትለው ጮኹ። «በዚህ ሰዓት ምን እንዴት አደርሽ አለ!» ብላ ኑሃ ስትስቅ ተሰማኝ። የእኔ ስልክ ዝም እንዳለ ነው። ሁለታችንም ስልኩን አየን። በስልክ ዝምታ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ቅዳሜ አባቴ ከማሳው ሲገባ ጠየቀኝ።

«እህሳ? ሰውየው ይታመናል?»

«እንጃ አባዬ፣ ገና እጠረጥረዋለሁ።»

«ታዲያ ሽማግሌዎቹ ይቅሩ?»

«የለም፣ ይምጡ። አግብቼው ልጠርጥረው።»