ሁለት ፓስወርድ ያለው ዲስክ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም፣ ትምህርቴም እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፣ ስለዚህ ቢዛባብኝ ታገሱኝ። ደግሞ እመኑኝ፣ መንፈስ፣ ድምፅ ምናምን ሲባል የምስቅ ሰው ነበርኩ።

የምሠራው ካርቱም፣ ሪያድ የሚባል ሰፈር፣ እትዬ ሰናይት ቤት ነው። የልጃቸው የያሲር አባት ሱዳናዊ ነው፣ ስለዚህ የልጁ አማርኛ ትንሽ ይሰባበራል። ያሲር በሰልፍ ልጆቻቸው የጠፉባቸውን ሰዎች ድምፅ እየቀዳ ሃርድ ዲስክ ላይ ይደብቃል፣ ከተገኘበት እነዚያም ሰዎች ይታሰራሉ። ዲስኩ ሁለት ፓስወርድ አለው፣ በአንዱ የኔ መዝሙሮችና የቤቱ ፎቶዎች ይከፈታሉ፣ በሌላው ድምፆቹ።

«ካስገደዱኝ የመጀመሪያውን እሰጣለሁ፣ ኻላስ» አለኝ። «ሁለተኛው መኖሩን ማንም አያውቅም፣ ባዶ ቦታ ነው የሚመስለው። አንቺ በየቀኑ ክፈቺው፣ የሚሠራበት ይምሰል። አዲስ ነገር ግን እንዳትጨምሪ፣ ሁለተኛውን ይበላዋል።»

«መዝሙር መስማት ሥራ ከሆነ እሺ» አልኩት።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ልብስ እየተኮስኩ አንዱን መዝሙር በማዳመጫ ከፈትኩ፣ አንድ ሽማግሌ አባት ብቻቸውን በበገና የሚዘምሩት ነው፣ በቃሌ አውቀዋለሁ። መሀሉ ላይ አንዲት ሴት ታለቅሳለች፣ በቀስታ፣ አፏን በጨርቅ እንዳፈነች። ጎረቤት መስሎኝ ማዳመጫውን ከጆሮዬ አወጣሁ፣ ፀጥ። መልሼ ከተትኩት፣ አሁንም ታለቅሳለች። ካውያውን ነቀልኩና ወጣሁ።

ለያሲር ስነግረው ሳቀብኝ። «ወላሂ አይሆንም፣ የአንዱ ድምፅ በሌላው ሊወጣ አይችልም!» አለ፣ ራሱም አዳመጠ፣ ምንም የለም። ከክፍሉ ሊወጣ ሲል ግን ዞሮ «እንዴት ነበር የምታለቅሰው?» አለኝ። ነገርኩት።

«ሁለተኛው ውስጥ እንደዚያ የምታለቅስ እናት አለች፣ ቤቷ ከዚህ ሩቅ፣ ሶባ ነው» አለ።

በሳምንቱ ሲቪል የለበሱ ሦስት የደህንነት ሰዎች መጡ፣ ዲስኩንም አገኙት። ያሲር ጥቂት ተከራክሮ የመጀመሪያውን ፓስወርድ ሰጣቸው። የኢድ ፎቶዎቹን እያዩ ቀለዱበት። አንደኛው ማዳመጫውን ሰክቶ የበገናውን መዝሙር እስከ መጨረሻው ሰማ፣ እኔ የሻይ ትሪ ይዤ ፊቱን አያለሁ፣ ፊቱ አልተለወጠም። ዲስኩን ጠረጴዛው ላይ ትተው ተነሱ፣ ያሲር ያኔ ተነፈሰ።

በሩን ልዘጋ ስከተላቸው ያ ሲሰማ የነበረው ሰውዬ ወደኋላ ቀረ። ከዚያ ወዲህ አልተመለሱም፣ ያኔ ግን በአረብኛ፣ ቀስ ብሎ ጠየቀኝ፦

«መዝሙርሽ ያምራል፣ ልጄ። ግን ሴትዮዋ ለምንድን ነው የምታለቅሰው?»