የመሃሉ ወንበር

«ድምፅ ይስጡኝ!» አልኩት።

ፊቱ ተለዋወጠ። «ድምፄን? ለላኩሽ ሰዎች አይሸጥም በያቸው!»

ክው አልኩ። እኔ የክልሉ ምክር ቤት የድምፅ ባለሙያ ነኝ። ማይክሮፎኑን እየሞከርኩ ነበር እንጂ የእሱን የምርጫ ድምፅ ምን ላደርገው! ሲገባው በሀፍረት አንገቱን ደፋ።

«ይቅርታ እህቴ... ሰሞኑን ያላስፈራራኝ ሰው የለም።»

እውነቱን ነው። በምክር ቤቱ ገዢው ፓርቲና ተቃዋሚው እኩል ወንበር ነበራቸው፤ ገዢው በቀኝ፣ ተቃዋሚው በግራ። እሱ የግል ተመራጭ ስለሆነ መሃል ላይ ለብቻው ይቀመጣል። ያዘነበለበት ወገን ያሸንፋል። እሱ ከሌለ ደግሞ የሚወስነው የአፈ ጉባኤው ድምፅ ነው፤ አፈ ጉባኤው የገዢው ፓርቲ ሰው ናቸው። ሠራተኛው ሁሉ «ብቸኛው» ነበር የሚለው።

ከዚያን ቀን ወዲህ ማይክሮፎኑ በየስብሰባው ይበላሽ ጀመር። ልጠግን ስመጣ ይስቃል።

«እኔ እኮ ነኝ የምነቅለው» አለኝ አንድ ቀን።

ወደድኩት! «እርስዎ» ቀርቶ «አንተ» አልኩት። እናቴ ስትሰማ ግን ደረቷን ያዘች።

«ልጄ፣ በግራም በቀኝም ጠላት ያለው ሰው ምን ዕድሜ አለው?»

ገዢው ፓርቲ ያለ ምርጫ ሥልጣኑን የሚያራዝም ሕግ አቀረበ። በድምፅ መስጫው ዋዜማ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አስጠራኝ። በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው።

«ወንበር በምን በምን ባዶ እንደሚሆን ታውቂያለሽ? አንደኛ፣ ባለቤቱ በፈቃዱ ሲለቅ። ሁለተኛ...» አለና መነጽሩን ወለወለ። «ትወጂዋለሽ አይደል? ምከሪው።»

ሮጬ ቤቱ ሄድኩ።

«ወንበሩ ይቅርብህ፣ እባክህ ልቀቅ!»

ትኩር ብሎ አየኝ። «አንቺም?... ከመጀመሪያውም ልከውሽ ነበር ማለት ነው።»

«ይገድሉሃል እኮ!»

«እንደዚያ በዪው ነው ያሉሽ?»

በሩን ዘጋብኝ። እያለቀስኩ ተመለስኩ።

በማግስቱ አባላቱ በየስማቸው እየተጠሩ በማይክሮፎን ድምፅ ሰጡ። ያልተሰማ አይቆጠርም። የእሱ ተራ ደረሰ። ተነሳ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ የሚሰማ ነገር የለም። ገመዱን ከታች ቆርጠውታል።

ቀና ብሎ እኔ ወዳለሁበት የድምፅ መቆጣጠሪያ ክፍል አየ። እኔ ያደረግኩት መሰለው። ያን አስተያየቱን መቼም አልረሳውም!

«አልተሰማም፤ እንለፍ» አሉ አፈ ጉባኤው።

የእጅ ማይክሮፎን አንስቼ ወደ ታች ወረድኩ። ኃላፊው በሩ ላይ ቆሟል።

«ዋ! ኋላ እንዳታለቅሺ» አለኝ።

ገፍቼው አለፍኩ። በዚያ ሁሉ ሰው መሃል ማይክሮፎኑን ዘረጋሁለት።

«እኔ የለመንኩህ እንድትኖርልኝ ነበር» አልኩት። «አሁን ያሰብከውን ተናገር።»

ማይክሮፎኑ ክፍት ስለነበር አዳራሹ በሙሉ ሰማኝ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ተቀበለኝ።

«እቃወማለሁ!»

ሕጉ በአንድ ድምፅ ልዩነት ወደቀ። በቀኝ በኩል ጠረጴዛ በንዴት ተደበደበ። እሱ ግን አልተቀመጠም።

«አንድ ነገር ይቀረኛል። ከዚህ ሰዓት ጀምሮ ወንበሬን በፈቃዴ ለቅቄያለሁ።»

«ለምን?» አልኩት በሹክሹክታ።

«የመረጠኝን ሕዝብ አደራ ዛሬ ተወጣሁ። የቀረችው ዕድሜዬ ያንቺ ናት። ትናንት ላላመንኩሽ... ይቅር በዪኝ።»

እጅ ለእጅ ተያይዘን ወጣን። ማንም ቻው አላለንም።

ሕጉ በሚቀጥለው ስብሰባ በአፈ ጉባኤው ድምፅ ጸደቀ። እኛም ተጋብተን፣ ርቀን ሄደን፣ ሬዲዮ የምንጠግንባት ትንሽ ሱቅ ከፈትን። እስካሁን ማንም አልነካንም። እሱማ ዛቻውን ረስቶት ገና ጋደም ሲል ያንኮራፋል። እኔ ግን ትንፋሹን ሳላዳምጥ እንቅልፍ አይወስደኝም።