ፊቱን ወደ ግድግዳ

ሮብሳን የገለኔን የይለፍ ቃል አላይም ያለው መስከረም ላይ ነበር። እሷም ቂሟን ይዛ ኅዳር ገባች።

ነገሩ እንዲህ ነው። መቱ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ወደ ገበያ በሚወስደው መንገድ ዳር በተደረደሩት ሱቆች ጎረቤት ከጎረቤት አይደብቅም። አንዱ ለቅሶ ሲሄድ የሱቁን ቁልፍም ስልኩንም፣ ስልኩ የሚከፈትበትን ቁጥርም ለጎረቤቱ ትቶ ይሄዳል። መደበቅ ማለት አላምንህም ማለት ነው። ሮብሳን ኮምፒውተር ተምሮ ሲመረቅ ይህንኑ ልማድ ላስቀር ብሎ ተነሳ። አዲስ አበባ ያሉ ድርጅቶች ለአንድ ሱቅ ጥበቃ የሚጠይቁት ዋጋ ሱቁን ራሱን ይገዛል። እሱ ግን በወር የሁለት ማኪያቶ ሒሳብ እየተቀበለ፣ ጎሬ ድረስ በሚኒባስ እየተመላለሰ፣ የነጋዴውን ስልክና ኮምፒውተር ከሌባ ይጠብቃል። ሰው ይስቅበታል። እሱ ምን ገዶት!

የመጀመሪያ ደንበኛው የገለኔ አባት የጋሼ ጎንፋ ፎቶ ቤት ነበር። ሌላ ሱቅ በሩብ ሰዓት የሚጨርሰው ሥራ እዚህ ግማሽ ቀን ይፈጅበታል። ለምን እንደሆነ ከጋሼ ጎንፋ በቀር ያልገባው የለም።

በዚያ በመስከረሙ ቀን የፎቶ ቤቱን ስልክ ለገለኔ አቀበላት።

«ለቴሌግራሙ ሁለተኛ ቁልፍ እናብጅለት። ሌባ በስልክ የሚላከውን የመግቢያ ኮድ ቢያገኝ እንኳ ይህን ቃል ካላወቀ አይገባም። አንቺ ብቻ የምታውቂውን ጻፊ» አላትና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ለምን ትዞራለህ? እየው።»

«አላይም።»

«ላንተ ላሳይህ ብዬ እኮ ነው» አለች፣ ድምጿ ዝቅ ብሎ። የጻፈችው ቃል የእሱ ስም ነበር። ለአንድ የመቱ ልጅ ከዚህ በላይ እወድሃለሁ ማለት የለም።

«ለማንም አይታይም፣ ገለኔ። ለእኔም።»

ፊቷ ጋለ። የጻፈችውን አጥፍታ፣ ባዶውን ዘጋችው።

«ጨረስኩ» አለችው።

ኅዳር ላይ፣ አንድ ሐሙስ ረፋድ፣ ለእሑድ ሙሽራ የሆነችው ነኢማ ስልኳን ይዛ ፎቶ ቤቱ ገባች።

«ገለኔ፣ ለአልበሙ ያለ ሂጃብ የተነሳሽውን ላኪ ብለሽ የጻፍሽልኝ ለምንድን ነው? ልልክ ስል ነው ልቤ እምቢ ያለኝ።»

ገለኔ አልጻፈችም። የፎቶ ቤቱን ስልክ ስታነሳ ግን ያው መልእክት ለሌሎችም ሴቶች ተልኳል፤ ለኖፓዋ ሙሽራ፣ ለጎሬዋ አስተማሪ። ዓይኗ እያየ አንድ ተጨመረ። ቀጥሎ ሌላ።

ጩኸቷን ሰምቶ የሱቆቹ ረድፍ ሰው ተሰበሰበ። ሮብሳንም እየሮጠ መጣ። ጋሼ ጎንፋ ስልኩን ከልጃቸው ቀምተው ደረታቸው ላይ አጣበቁት።

«ይህን ስልክ ከፍቶ መዝጋት ካንተ ሌላ ማን ያውቃል? የሰው ልጅ ገመና ልትነግድበት ነው የገባኸው?»

«ማሎ ጋሼ፣ እባክዎ ይስጡኝ። ሌባው የገባው ዛሬ ከሆነ፣ ቴሌግራም እስከ ነገ እኛን እንዲያስወጣ አይፈቅድለትም። እኛ ግን አሁኑኑ እናስወጣዋለን። ስንከራከር አንዷ ልካ ብትገኝስ?»

«ለሌባ ስልክ ልስጥ?»

ጎረቤታቸው ጨርቅ ሻጯ እትዬ አልጣሽ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ከጎረቤት ደብቁ ሲለን ድሮም አልጣመኝም።»

ሮብሳን ገለኔን አያት። ያን ቃል ልታሳየው ብላ እምቢ ማለቱን ቢናገር ይድናል። የእሷ ስም ግን የረድፉ ወሬ ይሆናል። ዓይኑን ከእሷ ላይ አንስቶ መሬት መሬት አየ። ዝም አለ።

ያ ዝምታ አንጀቷን በላው። ሁለት ወር ሙሉ የናቃት መስሏት ነበር።

«አባዬ፣ እሱ አይደለም!» አለች ገለኔ። «እወደዋለሁ። የይለፍ ቃሉን ላሳየው ብዬ ለምኜው ፊቱን አዞረ። ተናድጄ ሁለተኛውን ቁልፍ ሳላበጅ ተውኩት። በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ።»

ጋሼ ጎንፋ ስልኩን ይበልጥ አጥብቀው ያዙት።

«ኮድስ፣ አባዬ? ዛሬ የመጣልህን ኮድ ለማን ሰጠህ?» አለች ገለኔ።

«ለማንም!» አሉ ጋሼ ጎንፋ። «ለአልጣሽ ብቻ። የልጅ ልጄ ውድድር ላይ ነው፣ የሚደርስህን ቁጥር ላክልኝ ብላ ጻፈችልኝ። ጎረቤት ለምኖኝ እምቢ ልበል?»

«እኔ?» አሉ እትዬ አልጣሽ። «በስመ አብ! ቴሌግራሜ ከትናንት ጀምሮ አልከፈት ብሎኝ የለም እንዴ!»

በአልጣሽ ስም የጻፈላቸው ሌባው እንደነበር የገባቸው ጋሼ ጎንፋ ስልኩን ለሮብሳን ዘረጉ። ሮብሳን ሁለት ቦታ ነካ፤ የሌባው ስልክ ከዝርዝሩ ጠፋ። ገለኔ ለሴቶቹ በየተራ ደወለች። ስምንቱ አልላኩም ነበር። ዘጠነኛዋ ስልክ አላነሳችም። በሦስተኛው ጥሪ አነሳች።

«አሁን ልልክልሽ ስል ኔትወርክ ሄደብኝ» አለች።

ነኢማ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ሮብሳን ስልኩን ለገለኔ መለሰላት። «ሁለተኛውን ቁልፍ አሁን አብጂው» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ቆይ» አሉ ጋሼ ጎንፋ። «ልጄን እምቢ ብለህ ነው እንዲህ የምትኮራው?»

«የይለፍ ቃሏን ነው እንጂ ጋሼ» አለ ሮብሳን፣ ለግድግዳው፣ «እሷን መች እምቢ አልኩ?»

እትዬ አልጣሽ እልል ሊሉ ሲሉ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ገለኔ መጻፍ ጀምራ ነበር።

«ደግሞ የሰው ስም አታድርጊው። ሌባ መጀመሪያ የሚሞክረው እሱን ነው» አላት ሮብሳን።

ጣቷ ቆመ። የጻፈችውን አጠፋችው።

ጋሼ ጎንፋ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ወደ ጎረቤቶቻቸው ዞሩ። «ምን ታፈጣላችሁ? ልጅቷ ቁልፍ እያበጀች አይደለም እንዴ? ፊታችሁን አዙሩ!»

ረድፉ ሁሉ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። ጋሼ ጎንፋም አዞሩ። ገለኔ አዲሱን ቃል ጽፋ ስልኩን ዘጋችው።

«ሮብሳን፣ አሁን ወደ እኔ ዙር» አለችው።