ዳኛዋ በአንደኛ ክፍል

ሰው ጎልማሳነቱን አጋምሶ ሥራ ሊለውጥ ሲነሣ፣ ዘመድ አዝማድ አስቀድሞ የሚጠረጥረው ጤናውን ነው። ዳኛዋም የፍርድ ወንበሯን ትታ የአንደኛ ክፍል መምህርት ለመሆን ማሰቧን በተናገረች ዕለት፣ እናቷ ግንባሯን በመዳፋቸው ዳሰሱ።

«አላተኮሰሽም» አሉ። «ታዲያ ምን ነካሽ ልጄ? ሰው ሁሉ ቆሞ የሚቀበልሽ፣ ንፍጥ ልትጠርጊ?»

«ንፍጥም ይጠረጋል እማዬ። ሐሰት ሲሰሙ ከመዋል ይሻላል።»

«እዚያስ የማይዋሹ መሰለሽ?»

«ይዋሻሉ፤ ግን ገና አልለመዱትም።»

ሐሳቡ እንዲሁ ከሰማይ የወረደ አልነበረም። አንድ ቀን የእህቷን ልጅ ልትወስድ ወደ ትምህርት ቤት ሄዳ፣ ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት መምህር ወለል ላይ ተንበርክኮ አንዲት ሕፃን ስለ ወለቀ ጥርሷ የምታቀርበውን ረጅም ሐተታ ሲያዳምጥ አገኘችው። አላቋረጣትም፤ ሰዓቱንም አላየም። ዳኛዋ ዕድሜዋን ሙሉ ሰው ስታደምጥ ኖራ፣ እንዲህ አድርጋ ማድመጧን ተጠራጠረች።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚሰሟቸው?»

«ሌላ ምን ሥራ አለኝ?» አለ ጉልበቱን እያራገፈ። ዳኛ መሆኗን ከእህቷ ልጅ ሰምቶ ነበር። «እርስዎ ዘንድ ሰው የሚመጣው ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ነው። እኛ ዘንድ ግን ገና ሳይበላሽ ይመጣል።»

ይህ ቃል እንቅልፍ ነሣት። ከሥራ መልስ የመምህርነት ሥልጠና ጀመረች። ለተግባር ልምምዱ ከፍርድ ቤት ፈቃድ ስትወስድም፣ ምደባው ከዚያው ትምህርት ቤት፣ ከዚያው ክፍል አደረሳት። የሚያለማምዳትም የሚገመግማትም እሱ ሆነ። ካለፈች ወንበሯን ትለቃለች፤ ከወደቀች ወደ ወንበሯ ትመለሳለች።

ልማድ ክፉ ጌታ ነው። ልምምዱን በጀመረች ሰሞን ሁለት ልጆች በአንዲት እርሳስ ተጣሉ። ዳኛዋ ከሳሽን በቀኝ፣ ተከሳሽን በግራ አቁማ ምስክር ጠራች።

«ሲወስድ አይተሃል?»

«አላየሁም። ግን እሱ ነው።»

«ሳታይ በምን አወቅህ?»

«ትናንትም እሱ ነበራ!»

ምስክር ምስክርን እየወለደ ንባቡ ቀረ፤ ደወሉም ተደወለ። ብይን ልትሰጥ ቀና ስትል፣ ከሳሽና ተከሳሽ ተቃቅፈው ኳስ ሊጫወቱ ወጥተዋል። ከኋላ የተቀመጠው መምህር ሳቁን በመዳፉ ሊያፍን ሞከረ፤ አልሆነለትም።

«ክብርት ዳኛ፣ መዝገቡ ተዘጋ?»

«ባለጉዳዮቹ ጥለውኝ ሄዱ።»

«እነሱ የፈለጉት ሌላ እርሳስ ነበር፤ ፍርዱን ማን ጠየቀ!»

ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ኪሷ ውስጥ ትርፍ እርሳስ መያዝ ተማረች። ሳታስበውም፣ ከኮሪደሩ ኮቴ ሁሉ የእሱን መለየት ተማረች። ዓይኖቻቸው በልጆቹ አናት ላይ ይገናኙና ሁለቱም ወደ ሰሌዳው ይሸሻሉ። ቃል ግን አልተነፈሱም፤ ለአቅመ ዕፍረት የደረሱ ሰዎች ነበሩና።

ልምምዱ ሊያበቃ ሲቃረብ ርዕሰ መምህርቷ ወደ ቢሮአቸው ጠሯት።

«የቀረውን ግምገማ ሌላ መምህርት ትጨርስልዎታለች። እሱ ይቅርብኝ ብሏል።»

«ለምን?»

«ጠይቄው ነበር። ‹አልችልም› ከማለት በቀር ምንም አልጨመረ።»

ሊጥላት ወስኖ ፊቷን ላለማየት ሸሸ ብላ ደመደመች። ማስረጃ ሳይሰሙ መፍረድ ነውር መሆኑን ሌሎችን ስትገሥጽ የኖረች ሴት፣ በሌለበት ፈረደችበት። ቤት ስትገባ እናቷ ፊቷን አይተው፣ «ወንበርሽ እንደሆነ የትም አልሄደ፤ ትመለሻለሽ» አሏት። ከድምፃቸው ደስታ ሳይሆን ሐዘኔታ ስለ ሰማች ይበልጥ አመማት።

በማግሥቱ ልጆቹ ከወጡ በኋላ፣ ትንንሾቹን ወንበሮች ሲደረድር አገኘችው።

«ብቁ አይደሉም ማለት ከከበደዎ እኔ ልበልልዎ» አለች። «ከነገ ጀምሮ አልመጣም።»

ያነሣው ወንበር ከእጁ ላይ ቀረ። «ማን ነው ብቁ አይደሉም ያለ?»

«መሸሽዎ።»

ወንበሩን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። «እስቲ ይንገሩኝ፤ ዳኛ ከችሎት የሚነሣው መቼ ነው?»

«ከባለጉዳዩ ጋር ዝምድና ሲኖረው፤ ወይም ልቡ ወደ አንዱ…»

«ይጨርሱት እንጂ።»

«…ወደ አንዱ ሲያደላ።»

«የእኔማ ካደላ ሰነበተ። ቢሳሳቱም ‹እጅግ መልካም› ብዬ ልጽፍ ነበር። እርስዎን በተበላሸ ሚዛን መመዘን ግፍ መሰለኝ።»

ሰውን ወድዶ ማድላት ለማንም ቀላል ነው፤ ወድዶ ከሚዛኑ ፈቀቅ ማለት ግን የጨዋ ሰው ነው። ዳኛዋ በልጅ ወንበር ላይ ቁጭ አለች፤ ጉልበቷ ደረቷ ድረስ መጣ። ከትናንት ጀምሮ የታፈነው ትንፋሿ ሲወጣ ሳቅም ዕንባም ይዞ ወጣ።

«ይህን እኔ ልስተው!» አለች።

«መልስ ይኖረኝ ይሆን?» አላት።

«አለ። ውጤቴ ሳይታወቅ ግን አይነገርም። በፍቅር አለፈች እንዲባል አልፈልግም።»

«ብትወድቂስ?»

ሳያስበው «አንቺ» አላት። ሁለቱም ሰሙት፤ ማንም አላረመውም።

«ብወድቅም መልሱ አይለወጥም። አንተ ብቻ ጠብቅ።»

አዲሷ ገምጋሚ ፈገግታ የማይቀናት ሴት ነበረች። በመጨረሻው ቀን መነጽሯን አውልቃ፣ «ድምፅዎ ኋላ ላሉት አይደርስም፤ ያንን ያርሙ። ሌላው ደኅና ነው። አልፈዋል» ብላ ወጣች።

እሱ ኮሪደሩ ላይ የልጆች ሥዕል የሚሰቅል መስሎ ይጠብቅ ነበር። ሥዕሉን ዘቅዝቆታል።

«አለፍኩ» አለችው።

«እኔስ?»

«አንተም።»

ማታ ለእናቷ ሁሉንም ነገረቻቸው። አሮጊቷ እስከ መጨረሻው ሳያቋርጡ ሰሟት፤ ሲያበቃ ረጅም ትንፋሽ አወጡ።

«አስተማሪ ከአስተማሪ! እቤት ውስጥ የሚማረው ማን ሊሆን ነው?» አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ለሰለሰ። «በይ ይዘሽው ነይ። እኔ ስፈራ የኖርኩት ብቻሽን እንዳትቀሪ ነው እንጂ፣ ወንበሩስ ምን ይሠራልኛል!»