የአናጺው ወንድም

አናጺው ክፍል የተሳሳተው በሙያው ምክንያት ነው። እህቱ በሰጠችው ወረቀት ላይ «መጠጥ ለማቆም የሚረዳዱ ሰዎች፤ ማክሰኞ አሥራ አንድ ሰዓት፤ ሁለተኛ ፎቅ» ከሚለው በቀር ሌላ ነገር አልተጻፈም። ፎቁ ላይ ሲደርስ ሁለት በሮች ፊት ለፊት ተፋጠው ጠበቁት። የቀኙ ከማጠፊያው ተዛንፎ ወለሉን ይፍቃል። የግራው ግን ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ሠሪውን የሚያኮራ በር ነው። ሰውዬው መጠጥ ሳይቀምስ ሦስት ቀን ቆይቷል፤ ልቡም ወደ ቤት የሚመልሰው ሰበብ ይፈልጋል። ዓይኑ ግን ያው የአናጺ ዓይን ነውና የግራውን መረጠ።

ውስጥ ዘጠኝ ሰዎች በክብ ተቀምጠዋል፤ እሱም ባዶ ወንበር ያዘ። ከሥራ በቀጥታ የመጣች፣ በነጭ ጋዋኗ ላይ ሹራብ የደረበች ፋርማሲስት እየተናገረች ነበር።

«አባቴ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆነው» አለች። «እኔ ግን ዛሬም ቁም ሣጥን እየከፈትኩ ጠርሙስ እፈልጋለሁ። መጠጣቱንስ ይቅር ብዬዋለሁ። ዓይኔን እያየ ‹አልጠጣሁም› ማለቱ ነው አልወጣልኝ ያለው።»

አናጺው ያኔ ገባው። ክፍሉ የጠጪዎች ሳይሆን ጠጪ ያቃጠላቸው ቤተሰቦች መሰብሰቢያ ነው። ሹልክ ሊል ሲነሳ ተራው ደረሰ። ሰብሳቢው፣ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር፣ «አንተስ ልጄ፣ የማን ነገር አመጣህ?» አሉት።

«የወንድሜ» አለ። ወንድም የለውም።

ከዚያ በኋላ አፉ አልቆም አለ። ወንድሙ በሞቅታ፣ ጎንበስ ካላሉ የማያስገባ በር ሠርቶ እንዳስረከበ፣ የእህቱን ሠርግ ተኝቶ እንዳሳለፈው፣ ጠዋት ጠዋት መስታወት እንደሚሸሽ ተናገረ። የታሪኩ ባለቤት ወንድሙ ከመባሉ በቀር ሁሉም እውነት ነው። ፋርማሲስቷ የበሩን ታሪክ ስትሰማ ፈገግ አለች፤ የሠርጉን ስትሰማ ዓይኗ እንባ አቀረረ። አናጺው ያንን ዓይን ካየ በኋላ የቀኙን ክፍል ጨርሶ ረሳው።

አምስት ማክሰኞ ተመላለሰ። ጠብታ አልቀመሰም። ከስብሰባው በኋላ እስከ ፌርማታው አብረው ይሄዳሉ፤ መንገዱ አጭር ስለሆነ ቀስ ማለት ለመዱ። ወዷታል፤ የሚደበቅም አልነበረም።

«ወንድምህ ታድሏል» አለችው በአምስተኛው ሳምንት። «እኛ ቤት አንተን የመሰለ ሰው ቢኖር ኖሮ … በል፣ ማክሰኞ አምጣው። እኔ ራሴ እጁን ይዤ ማዶ ካለው የጠጪዎች ክፍል አስገባዋለሁ።»

ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አጣ። ቢናገር ያጣታል። ባይናገር ደግሞ ዓይኗን እያየ የሚዋሻት ሁለተኛው ሰው ሊሆን ነው። ማክሰኞ ብቻውን መጣ። ኮሪደሩ ላይ ቆማ ትጠብቃለች።

«ወንድምህስ?»

«መጥቷል።»

ከኋላው ተመለከተች፤ ደረጃው ባዶ ነው። ከዚያ ፊቱን አየችው።

«አንተ ነህ።»

«እኔ ነኝ። ወንድም የለኝም። መጀመሪያ ክፍል ተሳሳትኩ፤ ከዚያ አፈርኩ፤ ከዚያ ደግሞ አንቺን ማጣት ፈራሁ።»

«አምስት ሳምንት» አለች፤ ድምጿ ተሰበረ። «አምስት ሳምንት ዓይኔን እያየህ።»

ገብታ በሩን ዘጋችው።

ለመጠጣት ሰበብ ከተፈለገ ከዚህ የበለጠ አይገኝም። እግሩም ወደ ደረጃው መሄድ ጀምሮ ነበር። ሁለት ደረጃ ወርዶ ቆመ፣ ተመለሰ፣ የቀኙን በር በትከሻው ገፍቶ ገባ። በራሱ አፍ፣ ስለ ራሱ ተናገረ።

ወራት አለፉ። ኮሪደሩ ላይ ሲተላለፉ አንገቷን ደፍታ ታልፈዋለች። እሱም አልተከተላትም፤ አማላጅም አልላከባትም። በአራተኛው ወር አንድ ሰኞ ወደቀ። በማግስቱ መንገዷ ላይ ቆመና «ትናንት ጠጣሁ» አላት።

«ለእኔ ለምን ትነግረኛለህ?»

«ሳልጠየቅ መናገር እየተማርኩ ነው።»

አልፋው ገባች። በሚቀጥለው ማክሰኞ ግን እስከ ፌርማታው አብራው ሄደች።

ከዚያ ሰኞ ወዲህ ዓመት ሙሉ አልቀመሰም፤ የማክሰኞ መንገዳቸውም አልተቋረጠም። ዓመቱ በሞላ በሳምንቱ እናቷ ዘንድ ወሰደችው።

«ስለ አንተ ምንም አልነገርኳትም» አለችው ደጃፉ ላይ። «መናገሩ የራስህ ነው።»

«ብታባርረኝስ?»

«አብሬህ እባረራለኋ።»

እናትየው ከእግር እስከ ራስ ገረመሙትና እንደ ማንኛውም እንግዳ ተቀባይ ጠየቁት። «ግባ ልጄ። ምን ትጠጣለህ?»

«ውኃ፣ እማማ። ሰካራም ነበርኩ። ካቆምኩ አንድ ዓመት ከሰባት ቀን ሆነኝ። ልጅዎን እወዳታለሁ።»

ሴትየዋ ሠላሳ ዓመት የጠጪ ሚስት ሆነው የኖሩ ናቸው።

«ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሠላሳ ዓመት ጠጥቶ አንዲት ቀን መጠጣቱን አላመነም» አሉ። «አንተ ገና ወንበር ሳትይዝ ነገርከኝ። በል ተቀመጥ፤ ውኃው ይመጣል። ሠርጉን ለመቼ አሰባችሁት?»

አናጺው አፉን ሳይከፍት ፋርማሲስቷ ቀኑን ከነወሩ ተናገረች። ለእሱም አዲስ ወሬ ነበር።