ጀርባ የማይነካው ሰው

ሚሞሪ ካርዷ በሲሚንቶ ከረጢት ሥር ተላለፈች።

ሌንጂሳ ከጊንጪ በላይ፣ ተራራው ጫፍ ላይ፣ ለአየር ወለድ ሰማዕታት በሚሠራው ሐውልት ድንጋይ ጠራቢ ነው። በስውር ግን የተደበቁ ጠብመንጃዎችን የሚፈልግ የመንግሥት ሰላይ ነው፤ ያገኘውን የሚነግረው ለአለቃው ለገለታ ነው፣ በምስጢር ስሙ ለ«ንስር»። ካርዷን ያቀበሉት ደግሞ ምስጢሩን የሚያውቁት የሐውልቱ ጥበቃ ኦቦ ቀንዓ ናቸው፤ የጥንት አየር ወለድ።

«ጠብመንጃዎቹ ሐውልቱ ሥር ሲቀበሩ በስልክ ቀርጬዋለሁ።»

«አስቀባሪውስ?»

«ፊቱን ሸፍኗል። ቀይ ቆብ ደፍቶ አየር ወለድ ነበርኩ አለኝ። ውሸቱን ነው! ከኋላዬ ሲወጣ ጀርባዬን አልነካም።»

«ጀርባ?»

«ኤዬ፣ ጀርባ። ከአውሮፕላን ልንዘል ስንል ኋለኛው የፊተኛውን ጃንጥላ ማሰሪያ ፈትሾ ጀርባውን መታ ያደርጋል። ይኸው አርጅተንም በጠባብ መንገድ እጃችን አያርፍም።»

ሌንጂሳ ወዲያው ለንስር ደወለ። «ምስክሩ ጥበቃው ቀንዓ ናቸው» አለ። ምነው ምላሱን በቆረጠው!

በመታሰቢያው ዕለት ንስር ቀይ ቆቡን ደፍቶ መጣ። ዕድሜ ልኩን አየር ወለድ ነበርኩ እያለ ሲያወራ ነው የኖረው። አዛውንቶቹ አየር ወለዶች በቀጭኗ መንገድ ተከታትለው ወጡ፤ እያንዳንዱ ሳያስበው፣ እንደ ማማተብ፣ የፊተኛውን ጀርባ መታ አደረገ።

ንስር ከኦቦ ቀንዓ ኋላ ነበር።

እጁ ከኪሱ አልወጣም።

ሌንጂሳ አስቀባሪውን ለየው። ይሄ ሰው የሙታኑን ቆብ ደፍቶ ያለቅሳል፤ ከስማቸው ሥር ደግሞ ጠብመንጃ ይቸረችራል።

አበባው ተቀመጠ፤ እንግዳው ለምሳ ወደ ድንኳኑ ወረደ። ኦቦ ቀንዓና ንስር ግን አልወረዱም። ሌንጂሳ መዶሻውን ይዞ ሽቅብ ሮጠ።

ተኩስ።

ኦቦ ቀንዓ ደረጃው ላይ ተደፍተዋል። የንስር ሽጉጥ ወደ ሌንጂሳ ዞረ።

«ካርዷን ወዲህ በል። አንተም ትሾማለህ።»

አንቱታው ከሌንጂሳ አፍ ጠፋ። «ሙታኑን እንኳ አታፍርም?»

«ሙታን ምን ያውቃሉ?»

የተወረወረው መዶሻ ደረቱን አገኘው። ንስር ወደ ኋላ ተንገዳገደ። ከኋላው ገደል ነበር። ያለ ጃንጥላ ወረደ።

ጠብመንጃዎቹ ተያዙ። ግዳጁ ተፈጸመ። በማግስቱ ከዋናው መሥሪያ ቤት ተደወለ።

«ቅሌት አንፈልግም። ገለታ በግዳጅ ላይ ተሰዋ ተብሏል። ስሙን ከጀግኖቹ ሥር ቅረጽ።»

«የቀንዓስ?»

«የቱ ቀንዓ?»

ሌንጂሳ ስልኩን ዘጋ። እነሱን ተጸየፈ፤ የሽማግሌውን ስም አሳልፎ የሰጠ የራሱን አፍም ተጸየፈ። ሲም ካርዱን በመዶሻ አደቀቀ። ከዚያ መሮውን አንሥቶ «ቀንዓ» ብሎ ቀረጸ። የገለታን ስም ግን አልቀረጸም።

ሲጨርስ ወደ ሐውልቱ ጀርባ ዞረ፤ ድንጋዩን በመዳፉ መታ አደረገው።

ጊንጪ ላይ ወደ አምቦ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ገባ። ሲሚንቶ የለበሰውን ሰው ዞር ብሎ ያየው አልነበረም።