ያመለጠው አውራ ዶሮ

«ያዙት! በማርያም ያዙት!»

ናዝሬት ሳታስበው በአማርኛ ጮኸች። ጅቡቲ ከተማ ውስጥ መሆኗን ያስታወሰችው የሐብሐብ ሻጩ ሳቅ እያነቀው በሶማሊኛ ሲመልስላት ነው። ቀዩን አውራ ዶሮ ግን ቋንቋ አልቸገረውም። በሐብሐቡ ክምር ሥር ሾለከ፤ የዓሣ ሻጮቹን ባልዲ ዘለለና በሙዝ ጋሪዎቹ መሃል እልም አለ።

የአክስቷ ልጅ ፋናዬ ላብ በላብ ሆና ደረሰች። ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ስለሆነ ይህን ትልቅ ገበያ እንደ ጓዳዋ ታውቀዋለች።

«ገመዱን ማን ፈታው?»

«አላላሁት እንጂ አልፈታሁትም። እግሩን ሲቆርጠው አሳዘነኝ።»

«ለሚታረድ ዶሮ? የአዲስ አበባ ልጅ፣ አንቺስ ጉድ ነሽ!»

ሁለቱም በሳቅ ፍርስ አሉ። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። ነገ ፋሲካ ነው። የፋናዬ እናት ተናኘወርቅ ሽንኩርቱን ከጠዋት ጀምራ እያቁላላች ዶሮውን ትጠብቃለች። ናዝሬት ለበዓሉ በባቡር ከመጣች ሳምንቷ ነው፤ ዛሬ ገና አክስቷ አምናት ስትልካት «አደራ፣ ገመዱን አጥብቂ» ብላት ነበር።

ወደ ዶሮ ሻጯ ወደ ዓቢዳ ሮጡ። ዓቢዳ ባዶውን የዶሮ ቤት አሳየቻቸውና ከሐበሻ ደንበኞቿ በለመደችው አማርኛ መለሰችላቸው።

«አልቋል። ዛሬ ሐበሻ ሁሉ ዶሮ ፈላጊ ነው። የታረደ እዚያ ማዶ ሞልቷል፤ ግን ተናኘወርቅ እኛ ሙስሊሞች ያረድነውን አትበላም፣ እኔም የእሷን አልበላም። በዚህ ተጣልተን አናውቅም» አለችና ሳቀች።

ፋናዬ ማዶ ተሻግራ ጥቁር ፌስታል ይዛ ተመለሰች። ውስጡ ላባው የተነጨ ሙሉ ዶሮ አለ።

«ይኸውልሽ። ጋሼ ገብረኪዳን መንገድ ላይ አግኝተውን ባርከው አረዱልን እንላለን።»

ጋሼ ገብረኪዳን የሰፈሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ለበዓል የሚያርዱላቸውም እሳቸው ናቸው።

«ፋንዬ፣ ይሄማ ነውር ነው!»

«አታካብጂ ባክሽ። ድስት ውስጥ ከገባ ማን ያውቃል? እማዬም አትቆጣ፣ አንቺም አትዋረጂ።»

ናዝሬት ፌስታሉን አየችው። እውነቱን ለመናገር ሐሳቡ ደስ ብሏት ነበር፤ አክስቷን ማሳፈሩን ፈርታለች። ፋናዬን ተከትላ ወደ ቤት ሄደች።

ፋናዬ ውሸቷን ሳትደናቀፍ ተወጣችው።

«እግዜር ይስጣቸው!» አለች ተናኘወርቅ። «ጉልበቴ በትናንቱ ስግደት ደክሞ፣ እንዴት ብዬ እነጨዋለሁ እያልኩ ነበር።»

ዶሮውን ትሪ ላይ አስቀምጣ ቢላዋ አነሳች። ናዝሬት ቆማ አየቻት። አክስቷ ያን ሁሉ የጾም ሳምንት ሥጋም ወተትም አልቀመሰችም። ትናንት ስቅለት በዚያ ሙቀት ጠብታ ውሃ እንኳን ሳትቀምስ ስትሰግድ ውላለች። አሁን ደግሞ ናዝሬት የማትበላውን ልታበላት ነው። አክስቷ «በስመ አብ» ብላ ቢላዋውን ስታሳርፍ ናዝሬት አልቻለችም።

«አክስቴ፣ ቆዪ! ጋሼ ገብረኪዳን አላረዱትም። ከገበያ ታርዶ የተገዛ ነው። ያንቺ ዶሮ አመለጠኝ፤ ገመዱን ያላላሁት እኔ ነኝ።»

ውሸቱን ማን እንዳሰበው ግን አልተናገረችም። ፋናዬ ወለሉን ታያለች።

ተናኘወርቅ ቢላዋውን አስቀመጠች።

«እና ዶሮዬ አሁን የት ነው?»

«ሙዝ ጋሪዎቹ ጋ… አላውቅም።»

የተናኘወርቅ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ናዝሬት አክስቷ የምታለቅስ መስሏት ደነገጠች፤ ሳቅ ነበር።

«ይሁና! ለእሱም እንኳን አደረሰው!» አለች እንባዋን እየጠረገች። «ወጡን በእንቁላል እንሠራዋለን። ይሄን ለጎረቤታችን ለኻሊዳ አድርሱላት። ግን እንዲህ ያለ ነገር ሁለተኛ እንዳትደብቁኝ።»

ፋናዬ ዶሮውን ወደ ፌስታሉ መልሳ በሩ ጋ ደረሰችና ዞረች።

«እማዬ፣ የጋሼ ገብረኪዳንን ነገር የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ናዚ አልፈለገችም ነበር።»

እናቷ ለአፍታ አየቻት። «በይ ሂጂ። ስትመለሺ እንቁላሉን አንቺ ነሽ የምትልጪው።»

«አብሬሽ እሄዳለሁ» አለች ናዝሬት፤ ፌስታሉንም ተቀበለቻት።

ፋናዬ ቀና ብላ አየቻትና ፈገግ አለች።

«ያዢው እሺ። ይሄኛው እንኳን አያመልጥሽም።»